ከባሕር ዳር እስከ ቁንዝላ፦ የአክስቴን ጥይት ለማድረቅ የሄድሁት ጉዞ

ማክሰኝት ያላችሁ ዘመዶቼ፣ «የእትዬ ጥሩወርቅ ጠመንጃ ተወረሰ ወይስ ተረፈ?» እያላችሁ በመጣው መኪና ሁሉ ስለምትልኩብኝ፣ አንዱ መልስ ለሁላችሁም እንዲበቃ ብዬ ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ። ከመካከላችሁ ሐይቁን ተሻግሮ ቁንዝላን ለማየት ያሰበ እንደሌለ አውቃለሁ። አጎቴ ደምሴ «መሬት መቼ አለቀና ነው ውሃ ላይ የምሄደው?» ይላል። እኔ ግን ሄጄ መጣሁ፤ ከነቁንጫው እነግራችኋለሁ።

ነገሩን ለማታውቁ ልጆች ከሥሩ ልጀምር። እትዬ ጥሩወርቅ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ቁንዝላ አጠገብ ቄስ ሞላን አግብተው ሲኖሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አያታችን ሲሞቱ ወንዶቹ ልጆች በሬውን ሲካፈሉ እሳቸው ባለ ሁለት አፈሙዙን የአደን ጠመንጃ መረጡ። ሐይቁ ከክረምት በኋላ እየሸሸ በሚተወው ጥቁር መሬት ላይ ሽምብራ ይዘራሉ። ሽምብራው ብቅ ሲል ዝይ በመንጋ ይወርድበታል፤ እትዬ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፣ ዝይውም ይሄዳል። ቄስ ሞላ ክህነታቸው ስለሚከለክላቸው ጠመንጃ አይነኩም። ስለዚህ በዚያ ቤት ጸሎቱ የባል፣ ተኩሱ የሚስት ነው።

ባለፈው ጥምቀት ታቦቱ ከባሕሩ ሲመለስ እትዬ ለክብሩ ሊተኩሱ ቃታ ሳቡ። «ቀጭ» አለ። ሌላ አጎረሱ። «ቀጭ»። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በሕዝብ ፊት «ይህ ጠመንጃ ነው ወይስ የበር መቀርቀሪያ?» ብሎ አሳቀባቸው። በማሳቁ ብቻም አልቀረ፣ የማይሠራ መሣሪያ ሁሉ ወደ ወረዳው እንደሚሰበሰብ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ካልተኮሰ እሱ ራሱ ይዞት እንደሚሄድ ተናገረ። ጠመንጃው ከሄደ ሽምብራው የዝይ ነው፤ ሽምብራው ከሄደ ደግሞ እዚያ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሽሮ የለም። እትዬ በአንድ ዓሣ ነጋዴ በኩል የላኩብኝ ቃል አጭር ነበር፦ «ያ ኬሚስትሪ የሚማረው ልጅ ይምጣና የተማረውን ያሳየን።»

እኔ የተማርሁት አንድ መንፈቅ ነው። ውሃ ከምን ከምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ከባሩድ እንዴት እንደሚወጣ ግን ገና አልደረስንበትም። ቢሆንም አክስት ጠርታ እንዴት ይቀራል? መምህሬን ጠየቅሁ፤ ስለ እርጥበት፣ ስለ ሙቀትና ስለ ደካማ ተኩስ ያወቁትን ያህል ነገሩኝ፤ አንድ ሙቀት መለኪያም «ከሰበርኸው አንተም አትመለስ» ብለው አዋሱኝ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሰኞ

ከሹም አቦ፣ ከተከራየንበት ክፍል ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። አብሮኝ የሚኖረው የአዲስ አበባ ልጅ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ «ሐኪሙ፣ ለበሽተኞቹ ሰላም በልልኝ» አለኝ። አልመለስሁለትም፤ ያዋሰኝን ጫማ አድርጌ ነበርና።

ጀልባው ዘንድ ፍተሻ አለ። እዚያ ማክሰኝት አንድ ዘበኛ የመሸኛ ደብዳቤውን ገልብጦ ይዞ እንዳነበበ ሰው ራሱን ይነቀንቅና ያሳልፋል። እዚህ ግን ያነባሉ። የአብዮት ጥበቃው ወጣት ደብዳቤዬን አነበበ፤ «ዘመድ ለመጠየቅ» ይላል። ከዚያ ቦርሳዬን ፈትቶ ሙቀት መለኪያውን አወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሙቀት መለኪያ ነው ጓድ።»

«ማን ታመመ?»

ሰው ሲጠይቀኝ እውነቱን እንድናገር ነው ያሳደጋችሁኝ። «የጥይት ሙቀት ልለካበት ነው» አልሁ።

ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት ወፍራም ሴትዮ ቅርጫታቸውን አንሥተው ራቅ አሉ። ከእሳቸው ኋላ ያለውም ራቀ። ሰልፉ ሙሉ በሙሉ ከእኔ ሲሸሽ ከክረምት በኋላ ያለውን ሐይቅ መሰለኝ።

አለቃው ወዳለበት የቆርቆሮ ቤት ወሰዱኝ።

«የማን ጥይት?» አለ አለቃው።

«የአክስቴ።»

«አክስትህ ምን ትሠራለች?»

«የቄስ ሚስት ናቸው።»

«ቄሱስ?»

«እሳቸው አይተኩሱም።»

ከጥምቀቱ ጀምሮ እስከ ዝይው ድረስ ሁሉን ነገርሁት። ሲበዛበት እጁን አንሥቶ አስቆመኝና ወጣቱን ወደ ውጭ ላከው። በሩ ሲዘጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከወገቡ ቀበቶ አንድ ጥይት መዝዞ ሰጠኝ። «የኔንስ ብታየው? ክረምቱን ይህ ጣራ ሲያፈስ እዚያ ጥግ ነበሩ።»

አገላብጬ አየሁት። የክላሽ ጥይት ነው፤ ቀለሁ ከላይ እስከ ታች ብረት፣ አንገቱ የተደፈነ። የእትዬ ጥይት ወረቀት ለባሽ እንደሆነ፣ የእሱ ግን እርጥበትን ከዚያ ይበልጥ እንደሚቋቋም ነገርሁት። ደስ አለው። ጀልባው ልሂድ ልሂድ ሲል እሱ ራሱ ወጥቶ «ሐኪሙ ሳይሳፈር እንዳትንቀሳቀስ!» ብሎ አስቆመልኝ።

ከማክሰኝት ጎንደር የሚሄደው መኪና ቢያንገላታም የሚያንገላታው ጉድጓድ ይታያል። ውሃ ግን ጉድጓዱን ደብቆ ነው የሚያንገላታው። ዘጌን ሳናልፍ የበላሁትን ለሐይቁ መለስሁ። የጀልባውን ጠርዝ አቅፌ ሳለሁ ከሰልፉ የሸሹኝ ሴትዮ መጥተው ሎሚ ቆርጠው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ።

«ጥይት የምታክመው ልጅ፣ እስቲ መጀመሪያ ራስህን አክም» አሉኝ። ደቅ ደሴት ላይ እስኪወርዱ ድረስ ጀርባዬን ሲያሹልኝ ቆዩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ቁንዝላ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደረስን። ቄስ ሞላ ጥላቸውን ዘርግተው፣ በቅሎ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። በቅሎዋ ላይ አልወጣም ብል «የተማረ ሰው ጭነት ነው፤ ውጣ» አሉኝ። መንገዱ ጭቃው ደርቆ የከብት ኮቴ የተቀረጸበት ነውና ከጀልባው ብዙም አልተሻለም። ማታ የዳጉሳ እንጀራ በዓሣ ወጥ በላሁ። እኛ ዘንድ ዓሣ ብርቅ ስለሆነ ቀስ ብለን እንበላዋለን፤ እኔ አክስቴን ደስ እንዲላቸው ብዬ ቶሎ ቶሎ ስጎርስ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እትዬ ጀርባዬን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱኝ፤ አጥንቱ ወጣ። ያን እጅ ሳይ ጠመንጃው እንዴት እንደሚታዘዛቸው ገባኝ። የተኛሁት መደብ ላይ ነው። ቁንጫው እንግዳ አክባሪ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ትቶ እኔ ዘንድ መጣ።

ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጥይቶቹን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ዛሬ ምንድን ነው?» አሉ ቄስ ሞላ።

«ማክሰኞ» አልሁ።

«እንግዲያው እኔ ዘንድ ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ጥይት ከምድጃው በላይ፣ ቆጡ ላይ፣ ጭስ እየሞቀው መቀመጥ አለበት ባይ ናቸው። ቄሱ ደግሞ ወፍራም ግንብ ባለው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ከሌባም ከእሳትም ርቆ ይቀመጥ ባይ። በዚህ ተጣልተው ሽማግሌ ተቀምጦላቸዋል። ሽማግሌዎቹም ማንም እንዳይከፋው ብለው ለሁለቱም ፈረዱ፦ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን፣ ከረቡዕ ማታ እስከ ቅዳሜ ምድጃ። ክረምት ከበጋ ጥይቶቹ በቅርጫት ሆነው ይመላለሳሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በወጡ ቁጥር ቄስ ሞላ «ለመንገዱ» ብለው ጠበል ይረጩባቸዋል።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። ቅዝቃዜው የክረምት ጠዋት ነው፤ ግድግዳው ወዝቷል፤ የጥይቱ ቅርጫት በሁለት የጠበል ጋኖች መካከል ተቀምጧል። ሙቀት መለኪያው ውስጥ ያለው ቀይ መስመር ቁልቁል ወረደ። ቀጥሎ እትዬ ጎመን እየቀቀሉ ሳለ ቆጡ ላይ አስቀመጥሁት፤ መስመሩ ሽቅብ ሲሮጥ የመምህሬ ቃል ትዝ አለኝና ነጥቄ አወረድሁት።

ጥይቱን ላላያችሁት፦ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ነው። ታቹ ናስ ነው፣ ላዩ ግን የተጠቀለለ ወረቀት። ውስጡ ባሩድ አለ፤ ባሩዱን ከላይ የሚደፍን የጨርቅ መወተፊያ፣ ከዚያ በላይ የእርሳስ ፍሬዎች። የእትዬ ጥይቶች ወረቀታቸው አብጦ፣ ገሚሶቹ ጨርሶ ጠመንጃው አፍ ውስጥ አይገቡም። የተረፉትም በቀዝቃዛው ቤት እርጥበት ይጠጣሉ፤ ከዚያ ድንገት የጎመን እንፋሎት ውስጥ ሲገቡ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እንደሚያልበው ያልባቸዋል፤ ጥቂት ደረቅ ሳይሉ እንደገና ወደ ብርዱ። እርጥበት ያገኘው ባሩድ ቢነድም ሰንፎ ነው የሚነደው።

ይህን ለሁለቱ እንዴት እንደምናገር ግማሽ ቀን ሳስብ ዋልሁ። በመጨረሻ «ቤተ ክርስቲያኑም ጥሩ ነው፣ ምድጃውም መጥፎ አይደለም፤ ይበልጥ የጎዳቸው ከብርዱ ወደ ጎመኑ እንፋሎት መመላለሱ ይመስለኛል፤ መድረቅ አለባቸው» አልሁ።

«ሁለት ቤት ያለው ባል ይመስል አመላልሰን ገደልናቸው በለና!» አሉ እትዬ።

ለቄስ ሞላ ግን የቀረውን መናገር ነበረብኝ። «አባ፣ ጠበሉም… ጠበል ለነፍስ ነው። ባሩድ ደግሞ ነፍስ የለውም።»

ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡበት። «ነፍስ ከሌለው ለምን ይጮኻል?» አሉኝ።

ሙቀት መለኪያውን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ

ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ከማጀት ደስ የማይል ነገር ሸተተኝ። እትዬ «መድረቅ አለባቸው አላልህም?» ብለው ለምርመራው ቤት ያደሩትን ጥይቶች በሣህን አድርገው ጉልቻው ጫፍ ላይ ቆሎ ሊቆሉ ይመስል አስቀምጠዋቸዋል። የጮኽሁትን አላስታውስም። ሣህኑን በሁለት እጄ አንሥቼ ስሮጥ ጣቴ ተጠበሰ፤ ደጃፍ ላይ ስደርስ በጓደኛዬ ጫማ ተጠልፌ ወደቅሁ፤ ጥይቶቹ ዶሮዎቹ መካከል ተበተኑ። ቄስ ሞላ ከግቢው ጥግ ሆነው «አቤቱ ጌታ ሆይ» እያሉ ወደ አጥሩ ተጠጉ። ዶሮዎቹ ግን ጥራጥሬ መስሏቸው መጡ።

«ማቃጠልና ማድረቅ አንድ አይደለም እትዬ» አልሁ፣ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ። «ወረቀቱ ይሰነጠቃል። የጋለ ባሩድ ከልኩ በላይ ይቆጣል። እሳት ዳር ደግሞ ጠመንጃም ሳይጠብቅ ይፈነዳል።»

«ታዲያ ትናንት ይህንን ትተህ ስለ ጎመን ያወራኸኝ ምን ሆነህ ነው?» አሉ። ልክ ነበሩ። ጣቴን ቅቤ ቀቡልኝ።

ከዚያ በኋላ ረጋ ብለን ሠራን። ጠመንጃውን ከፍተን ጥይቶቹን አንድ በአንድ ሞከርናቸው፤ ያለ ግፊት የገቡትን በአንድ ሰፌድ፣ ያበጡትን በሌላ። ደህናዎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። እነሱን ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ አሰጣናቸው። እትዬ ገብስ ቆልተው፣ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ በጨርቅ ቋጥረን ክዳን ባለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትን፤ የተቆላ እህል እርጥበት ይስባልና። ማታ ደህናዎቹን ጥይቶች አብረን አስገባን። ቄስ ሞላ የጧፍ ጉርድ አቅልጠው ክዳኑን በሰም ዙሪያውን ደፈኑ፤ እጃቸው ከእኔ ይልቅ የረጋ ነው።

የት ይቀመጥ የሚለው ሲነሣ ሁለቱም ቀና አሉ። እኔ ጎተራውን አሳየሁ። ከእህሉ መካከል ብርዱም ሙቀቱም ቶሎ አይደርስም።

«ጎተራው የማን ነው?» አሉ ቄሱ።

«የሁለታችን» አሉ እትዬ።

«እንግዲያው ማንም አልረታም።»

ሽምብራው ዘንድ ሄጄ አየሁ። ዝይዎቹ ከጫፉ ጀምረው በሰልፍ ይበላሉ። እኔ እየጮኽሁ ስሮጥባቸው አንዱ ብቻ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አራተኛው ቀን፣ ሐሙስ

ስብሰባው ዋርካው ሥር ነው። ሊቀመንበሩ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ካኪ ለባሽ ሰው ነው። ስሙ ከአብዮቱ በፊትም ጓዴ ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ «ጓድ ጓዴ» ሲለው እሱ አይስቅም፣ ሌላውም መሳቅ አይችልም። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መሠረተ ትምህርትና ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተናግሮ ሲጨርስ ጠመንጃው ይቅረብ አለ።

እትዬ ጠመንጃውን፣ እኔ ቆርቆሮውን ይዤ ቀረብሁ። «ጥይቱ ሁሉ ይቅረብ» ስለተባለ ያበጡትም በሰፌድ መጥተዋል።

«የትኞቹ ናቸው ደህናዎቹ?» አለኝ።

«እነዚህ ናቸው ጓድ፣ የቆርቆሮዎቹ።»

«እንግዲያው ከእነዚያ ነው የምወስደው» ብሎ ወደ ሰፌዱ ሄደ። «ከተማ ተምረህ የመጣኸው ልታታልለን ከሆነ እኛም ነቅተናል።» ከመካከላቸው ናሱ የሚያብረቀርቀውን መረጠና በመዳፉ ጀርባውን እየደቃ ወደ ቀኙ አፈሙዝ አስገባው። ለእትዬ አልሰጣቸውም፤ ራሱ አነጣጠረ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። ሳበ።

የወጣውን ድምፅ በጽሑፍ ለማስቀመጥ አፍራለሁ። ሽማግሌ በጉባኤ መካከል ቢያመልጠው ይቅርታ የሚጠይቅበት ዓይነት ነው። ጥቂት ጭስ ወጣ፤ የእርሳስ ፍሬዎቹ እግሩ አጠገብ ሣሩ ላይ ተንጠባጠቡ። ዋርካው ሥር ያለው ሕዝብ በሙሉ ሳቁን ዋጠ፤ አንዲት አሮጊት ብቻ አልቻሉም።

ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ። «አለቀለት! ጠመንጃው ይወረሳል» አለ።

«የደረቀውን ሳይሞክሩ?» አሉ እትዬ። «ፈራህ እንዴ ጓዴ?»

አሮጊቷ እንደገና ሳቁ። ሊቀመንበሩ ከቆርቆሮው አንድ ጥይት ነጥቆ እዚያው ቀኙ አፈሙዝ ውስጥ ጨመረና ጠመንጃውን ወደ ጉንጩ አስጠጋ።

ያኔ የመምህሬ ቃል መጣብኝ፦ «ድምፁ ከደከመ፣ አፈሙዙን ሳታይ እንዳትደግም።» ፍሬው ሲንጠባጠብ አይቻለሁ፤ መወተፊያው ግን ሲወጣ አላየሁም።

ሮጥሁና አፈሙዙን ይዤ ወደ ሰማይ ገፋሁት።

በዚህ ዘመን ከሊቀመንበር እጅ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ። ሁለት ታጣቂዎች ተነሡ።

«ደሳለኝ፣ አበድህ?» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ጓድ፣ ጓድ ጓዴ… ተደፍኗል። ፊትዎን ይበላዎታል» አልሁ። «እባክዎ ይክፈቱት። ከዋሸሁ ይሰሩኝ።»

እጁን ከቃታው አነሣ። ከፍቶ ጥይቱን አወጣ። እኔ ከአጥሩ ሸምበቆ ሰብሬ ከኋላ አስገባሁ፤ መካከል ላይ ሲደርስ እንቢ አለ። ተጫንሁት። እርጥብ፣ ጥቁር መወተፊያ በአፈሙዙ ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ።

«ይህ መንገዱን ዘግቶ ሳለ የደረቀው ጥይት ቢነሣ» አልሁ፣ «መውጫ ስለሚያጣ ብረቱን ቀዶ ይወጣል። እዚህ ጋ።» የጠቆምሁት እሱ በግራ እጁ ይዞት የነበረውን ቦታ ነው።

ሊቀመንበሩ ግራ እጁን አየ። ጣቶቹን አንድ ጊዜ ከፈተና ጨበጠ። ከዚያ ጠመንጃውን፣ የሌላ ሰው ሕፃን ሲያለቅስበት ለእናቱ እንደሚመልስ ሰው፣ ለእትዬ ሰጣቸው።

እትዬ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንተው አጮልቀው አዩ። የደረቀውን ጥይት አጎረሱ፤ ያለ ግፊት ገባ። ሳቡ።

ተራራው መለሰው። ዋርካው ላይ የነበረው ወፍ ሁሉ ተነሣ፤ የሊቀመንበሩ ውሻ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ አልታየም። በግራውም ደገሙ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄስ ሞላ ወደ ምሥራቅ ዞረው አማተቡ፤ ጣታቸው ግን ጆሯቸው ውስጥ ስለነበር ዘግይተው ነው።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ማፈርም፣ መሸነፍም አልነበረበትምና ጥሩ አድርጎ ተናገረ፦ «ጓዶች! ይህ መሣሪያ በማያውቅ ሰው እጅ ለሰፊው ሕዝብ አደገኛ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል። ስለዚህ በወይዘሮ ጥሩወርቅ እጅ ይቆያል። የምትቃወሙ?»

የተቃወመ የለም። አጨበጨብን። ሲበተን አጠገቤ መጥቶ ጆሮዬ ላይ «ፊቴን ይበላኝ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ማታ ከቤቱ አንድ ጠርሙስ አረቄ ተላከልን፤ ከማን እንደሆነ አምጪው አልተናገረም።

አምስተኛው ቀን፣ ዓርብ

ከጎርጎራ የሚመለሰው ጀልባ ጠዋት ቁንዝላ ደረሰ። ቄስ ሞላ በቅሎዋን ይዘው ሸኙኝ። ስንሰናበት ከኪሳቸው የጠበል ጠርሙስ አውጥተው ረጩኝ። «አንተ ነፍስ አለህ» አሉ። እትዬ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ቋጥረውልኝ ነበር፤ አጥንቱን ራሳቸው ለቅመውታል። ወደቡ ድረስ ግን አልመጡም፤ ዝይ ወርዷል ተብለው ወደ ሽምብራው ሄደዋል።

ጀልባው ከዳርቻው የደንገል ሣር ወጥቶ ሰፊው ውሃ ላይ ሲደርስ ከኋላችን ተኩስ ተሰማ፤ ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ጊዜ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ሰበረ። እኔ ብቻ ቀና ብዬ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም፤ አላስፈለጋቸውም ማለት ነው።

ጥቂት ቆይቶ ዝይዎቹ በሰልፍ በራሳችን ላይ አለፉ፤ እየተንጫጩ ወደ ደቅ ደሴት። ከእንግዲህ ጉዳዩ የደቅ ሰዎች ነው።